ክዳኑ እስኪጠገን ግሱ ይስተካከል

ለሆስፒታላችን የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ሪፖርቶቻችንን ፊደል በፊደል ለሚመረምሩበት ዓይንዎ ብርታትን እመኛለሁ።

እኔ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጠዋት ፈረቃ አስተባባሪ ነኝ። በአካል ተገናኝተን ባናውቅም በቀይ እስክሪብቶዎ እንተዋወቃለን። ይህን ደብዳቤ በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ ሳይሆን፣ በጸሐፊዎ በኩል የላክሁት ሁሉ እየተመለሰ ስላስቸገረኝ ነው። ተናድዳ ነው እንዳይሉኝ፤ መናደድ ካቆምኩ ቆየሁ። ሰው ሲያናግረኝ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ፣ ምሳዬንም እበላለሁ፣ ምን እንደበላሁ ግን ቢጠይቁኝ አላውቅም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ብቻ አቀርባለሁ።

፩. «የግስ ጊዜው ያልተስተካከለና ወጥነት የሌለው ሪፖርት ተቀባይነት የለውም» የሚለው ማስታወቂያዎ ከተለጠፈ ወዲህ ግድግዳችን አምሮበታል። ከማስታወቂያው ሥር የመጭመቂያው ማሽን አለ፤ የታጠበውን አንሶላ እያሽከረከረ ውኃውን የሚያወጣልን ትልቁ በርሜል ማለቴ ነው። የክዳኑ መቆለፊያ ተሰብሮ፣ በርሜሉ ገና ሳይቆም ክዳኑ ብድግ ማለት ሲጀምር ወዲያው ጻፍኩልዎ። ክዳኑ ይከፈታል፣ ትናንት የአንዲት ሠራተኛ እጅጌ ይዞ ቀዷል፣ ካልተጠገነ ነገ እጅ መቁረጡ አይቀርም አልኩ። እርስዎም የዛሬን፣ የትናንትንና የነገን በአንድ አንቀጽ መቀላቀሌን በቀይ አስምረው፣ አስተካክዬ እንዳቀርብ በትህትና መለሱልኝ።

፪. እሺ ብዬ ሁሉንም በኃላፊ ጊዜ አደረግሁት፤ ክዳኑ ይከፈት ነበር፣ እጅጌ ይይዝ ነበር፣ ያስፈራን ነበር። ቢሮዎ ችግሩ ካለፈ ምን ቀረ ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ለዚህ ፈጣን መፍትሔ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ደግሜ ወደ ትንቢት ጊዜ ብለውጠው፣ ገና ያልደረሰ ነገር ሲደርስ እንደሚታይ ተገለጸልኝ። ከዚያ ደረሰ።

፫. በክፍላችን እትዬ ቶሎ የምንላት ሴት ነበረች። ነበረች ልበል አለች ልበል እርስዎ ያርሙኝ፤ በሕይወት አለች፣ በሥራዋ ላይ ግን የለችም። «ቶሎ በሉ እንጂ፣ አንሶላ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ!» እያለች ስለምታጣድፈን ነው ስሙ የወጣላት። መቆለፊያው እስኪመጣ ክዳኑን በአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ የምታስረው እሷ ነበረች፤ «ይሄ አፉን የከፈተ ጅብ አንዳችንን ሳይበላ አይተኛም» እያለች፣ እየሳቀች። አንድ ጠዋት ቅዳጁ ተበጠሰና የሚሽከረከረው አንሶላ እጇን ጠምጥሞ ወሰደው። ቀኝ እጇን ከአንጓዋ በታች አጣች። ፎቅ ላይ ስትተኛ የተነጠፈላት ራሷ ያጠበችው አንሶላ ነው። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የሕፃናት ክፍሉ አንሶላ ወጣ?» ብላ ነው። ወጥቷል አልኳት። አልወጣም ነበር።

የአደጋውን ሪፖርት በዚያው ቀን ጻፍኩት፤ ተበጠሰ፣ ተከፈተ፣ ያዛት፣ ቆረጠ። ከዳር እስከ ዳር ያለፈ ጊዜ ነበረ። አንድም ቀይ መስመር ሳይኖርበት «ጥሩ ነው» ተብሎ ተመለሰልኝ።

፬. ቢሮዎ ከአደጋው በኋላ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለአስተባባሪዎች በሙሉ የግስ ጊዜያትን በትክክልና በወጥነት ስለመጠቀም ሥልጠና አዘጋጀልን፤ ብስኩትም ነበረው። አሠልጣኙ ደግ ሰው ናቸው፣ በእሳቸው ቅሬታ የለኝም። «ሠራተኛዋ ማሽኑን ትከፍታለች» የሚለውን ወደ ኃላፊ ጊዜ እንድቀይር ሰሌዳው ፊት ሲያቆሙኝ ጠመኔውን መልሼ አቀበልኳቸው። ትምህርቱ የከበደኝ መስሏቸው መልሱን ራሳቸው ጻፉልኝ። የምስክር ወረቀቱን ተቀብያለሁ።

፭. ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻው ደግነትዎ ነው። ቤተሰቡ እንዳይቸገር ብለው የእትዬ ቶሎን ሴት ልጅ በእናቷ ቦታ ቀጠሩልን፤ እግዜር ይስጥልን። ቦታው ማለት እንግዲህ ያው ማሽን ነው፣ ክዳኑም ያው፤ የተለወጠው ማሰሪያው ጨርቅ ብቻ ነው። ልጅቷ የእናቷን ጥድፊያ ወርሳለች። እጇን ወደ በርሜሉ በሰደደች ቁጥር እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርና ማስታወቂያዎን አነባለሁ። እናቷ ደግሞ እየደወለች «ኧረ ክዳኑን ሠሩት?» ትለኛለች፤ በግራ እጇ መጻፍ እየለመደች መሆኑንም ትነግረኛለች። ልጄን ከዚያ አውጪልኝ ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ የፈለጉትን የግስ ጊዜ ይምረጡልኝ፣ እኔ በዚያው እጽፋለሁ፤ ብቻ ያንን መቆለፊያ ያስገጥሙልን። ለረጅም ትዕግሥትዎ፣ ለማይደክመው እስክሪብቶዎና ለብስኩቱ ከልብ አመሰግናለሁ።

እርማትዎን ሁልጊዜ በአክብሮት የምትቀበል፣
የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጠዋት ፈረቃ አስተባባሪ
(ባለ ምስክር ወረቀት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማሽኑን መሰኪያ ነቅዬ ገመዱን በመቀስ ቆርጬዋለሁ። ማን እንደቆረጠው ለማጣራት ኮሚቴ አያድክሙ፣ እኔ ነኝ። አንሶላ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቅዎን ሁሉ እኔ ዘንድ ይላኩት፤ የሚጠብቁኝ በሽተኞችም ይቅር ይበሉኝ። የእትዬ ቶሎ ልጅ አሁን ጓሮ፣ የውኃ ገንዳው አጠገብ ቆማ አንሶላ እየጨመቀች ነው፤ ቀስ ብላ፣ በሁለት እጇ።