ሸኚ እስኪበተን ስለምትጠብቀው መኪናዎ

ለተከበሩ አቶ ተካልኝ፣
በሾፌር አልባ መኪኖች ሙከራ የሕዝብ አመኔታ ክፍል ኃላፊ፣
ላቪንግተን፣ ናይሮቢ

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በየማስታወቂያው ላይ የምናየው ፈገግታዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የሳውዝ ሲ ሰዎች፣ መኪኖችዎ በሰፈራችን መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ አንድም ሰው ስላልተገጨ፣ ደህና ነን። አሁን የምንሰጋው ከቆሙበት እንዳይነሡ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ ታላቅ እህቴ ስለ እትዬ አያልነሽ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷት ለቀዶ ሕክምና ሰባት ወር ተራ ጠብቃ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ክሊኒክ እንድትገኝ ተቀጥራ ነበር። ከዚህ በፊት የትም የሚያደርሳት የሰፈራችን ሾፌር ታመነ ነበር። እኔ ግን በራሪ ወረቀትዎ ላይ «ሾፌር ይናደዳል፣ ይቸኩላል፤ መኪናችን ግን አትናደድም፣ አትቸኩልም» የሚለውን አንብቤ፣ መኪናዎን በስልኬ ጠራሁላት። ወረቀቱ አንድም ቃል አልዋሸም፤ ስለ እውነተኛነትዎ ከልብ እያመሰገንኩ ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

1ኛ. ስለ ትሕትናዋ። መኪናዎ ልክ በአንድ ሰዓት ከሩብ በራችን ላይ ደረሰች። እኛም ለመሸኘት ወጣን፦ እኔ፣ ባለቤቴ ማርታ፣ ከጸሎት ቡድናችን ስድስት እህቶች፣ ከላይኛው ፎቅ ደግሞ አቶ ሐብታሙ በፒጃማው። ማርታ ሐኪሙን፣ የሐኪሙን እጅ፣ ወደ ክሊኒኩ የሚወስደውን የሞምባሳ ጎዳና፣ በመጨረሻም እርስዎን ጭምር አንሥታ ጸለየች። አሜን ብለን በመስኮት ተሳሳምን። እንደሚያውቁት የእኛ ሰው እጁን ከመኪና መስኮት የሚያነሣው መኪናው ሲነቃነቅ ነው፤ ተጓዥ ሳይሄድ ፊትን ማዞር ነውር ነዋ። መኪናዎ ደግሞ የምትነቃነቀው ሰው ከአጠገቧ ሲርቅ ነው። እኛ እስክትሄድ ጠበቅናት፤ እሷ እስክንሄድ ጠበቀችን። አርባ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ተከባበርን። የሚወራ ሲያልቅብን ማርታ ሁለተኛ ጊዜ ጸለየች።

ታመነ ቢሆን ኖሮ ገና ከመጀመሪያው አሜን በኋላ «በሉ እናንተ ሰዎች፣ የቀረውን በስልክ ጨርሱት፤ እግር ሳልረግጥ!» ብሎ ፍሬኑን ላላ ያደርግ ነበር። እኛም ሰድበነው፣ ስቀን፣ እጃችንን እያውለበለብን እንገባ ነበር።

2ኛ. ስለ ቋንቋዋ። መኪናዋ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እየደጋገመች «እባክዎ ራቅ ይበሉ» ትል እንደነበር በኋላ ተነግሮናል። ድምጿ እንዲያ ለስላሳ ስለነበረ ግን ትእዛዝ መሆኑን የጠረጠረ አልነበረም። አቶ ሐብታሙ እንዲያውም «ምን ያለች ጨዋ ናት! ከኛ ልጆች ትሻላለች» አለ። በመጨረሻ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የእትዬ ልጅ ርብቃ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ወጥታ ጮኸችብን፦ «አንክል፣ ሲሪየስሊ? ከባችኋት እኮ ነው የማትሄደው! ሴንሰሯ ሰው ካየ አትንቀሳቀስም። ሶጌኒ ኒዩማ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!» ከሁሉም በኋላ እጁን ያነሣው ማን እንደሆነ ከጠየቁኝ፣ ለእውነት ስል እኔ ነኝ።

3ኛ. ስለ መንገዷ። የማታቱ ሚኒባስ ሾፌሮች መኪናዎ የመጣውን ሁሉ እንደምታሳልፍ በሁለት ቀን አጥንተው ጨርሰዋል። እትዬ እንደነገረችኝ፣ እየተቀባበሉ ፊቷ ሲገቡ ረዳቶቹ በር ላይ ተንጠልጥለው «አሳንቴ ሳና!» እያሉ አመስግነዋታል። ክሊኒኩ የደረሰችው ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

4ኛ. ስለ ቁጥርዎ። ልትወርድ ስትል በመኪናዋ ስክሪን ላይ እየጮኸ «ከአንድ እስከ አምስት ምን ያህል ያምኑናል?» የሚል ጥያቄ መጣላት። ምን እንደሆነ ስለማይታያት ጩኸቱን ለማቆም ስትነካካው አምስት ላይ አረፈ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ «ተሳፋሪዎቻችን ሙሉ በሙሉ ያምኑናል» የሚለው አዲሱ ማስታወቂያዎ በአጥራችን ላይ ተለጠፈ። ስክሪኑን ማየት ከማይችል ሰው ሙሉ ነጥብ ማግኘት የማንኛውም ክፍል ዕድል አይደለምና፣ እንኳን ደስ አለዎት።

የምለምንዎ ነገር አንድ ነው። ክሊኒኩ «የዘገየችው በታካሚዋ ጥፋት አይደለም» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ከእርስዎ እስከ ዓርብ ከደረሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሊቀበላት፣ ካልደረሰው ግን እንደገና ሰባት ወር እንድትጠብቅ ወስኗል። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «መኪናዋ ያደረሰችው አደጋ ስለሌለ የምንጽፈው ነገር የለም» ተባልኩ። እትዬ ባለፈው እሑድ መዝሙር መጽሐፏን ዘቅዝቃ ይዛ ስትዘምር አይቻለሁ። ይህንንም በአደጋ መዝገብዎ ላይ ቦታ ከተገኘለት ቢያስገቡልን።

አቶ ተካልኝ፣ የማሽን ጠላት አይደለሁም። ሬዲዮ መጠገን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ መኪኖችዎም አንድ ቀን ከታመነ ተሽለው እንደሚነዱ አልጠራጠርም። ታመነን ግን ያመንነው ስለማይሳሳት አይደለም። ሲሳሳት «አጠፋሁ» ብሎ በማግስቱ በራችን ላይ ስለሚቆም ነው። የእርስዎ መኪና አፍ ስለሌላት ይህን የሚልላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ መደብም ተመድቦለታል ብለን እንገምታለን።

ለትዕግሥትዎ፣ ለፈገግታዎና ገና ላልጻፉት አንድ መስመር እጅ ነሥቼ፣ ዘመንዎ እንዲባረክ፣ ዓይንዎም እስከ እርጅና ድረስ ብሩህ እንዲሆን እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ፋንቱ፣ የአያልነሽ ታናሽ ወንድም
ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ለማድረስ ዛሬ ላቪንግተን ስመጣ፣ ቢሮዎ በር ላይ የግል መኪናዎን ሲወለውል ከነበረው ሾፌርዎ ከኸባብ ጋር ተዋወቅን። እባክዎ አይቆጡት፤ ያዋራሁት እኔ ነኝ። «አለቃህ ሾፌር አልባዋን ስንት ጊዜ ተሳፍረዋል?» ብዬ ብጠይቀው በጣም ደነገጠና «ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ደፍረው? ሚስት ቤት የምትጠብቃቸው የልጆች አባት እኮ ናቸው!» አለኝ። እትዬ አያልነሽም ሦስት ልጆች አሏት።