እንቁላሉ ሮጠ

ወንድሜ፣

«እናቴን ከየዕለቱ መርፌ የሚገላግላት ነገር ደረሰ ወይ?» ሳትል እንደማትውል አውቃለሁ። በምሠለጥንበት ቤተ ሙከራ ምስር የምታክል እንክብል ሠርተን ነበር፤ ከቆዳ ሥር ተቀብራ፣ ራሷም እየሟሟች፣ መድኃኒቱን ወር ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ እንድትለቅ። ትናንት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከተትናት። ዛሬ ጠዋት ብናይ የወሩን ባንዴ ዘርግፋዋለች! ሰው ገላ ውስጥ ብትሆን መርዝ ነበረች። አለቃችን «ቀስ በቀስ መሄዱ ቀርቶ እንቁላሉ ሮጠ!» ብለው ሁሉን ሲያስቁ፣ እኔ የእናትህ የእማማ ክንድ ትዝ አለኝና ሳቁ እምቢ አለኝ። እዚህ ውኃው ተደፍቶ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ እናንተ ቤት ግን ነገም መርፌ ነው።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳምልኝ፤ ገና ነው፣ መርፌውን እንዳይተዉ በላቸው። የሚሉትን፣ ቁጣም ቢሆን፣ ሳትቀንስ ጻፍልኝ።