ስብሰባው እስኪያልቅ

ኅዳር 18 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ልጄ፣ የሆዴ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ላይ እንቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። አድራሻህን ጓደኛህን ለምኜ ነው ያገኘሁት፤ እንዳትቆጣው።

ባለፈው ሳምንት የፋብሪካው ቦርድ እኛን አለቆቹን "ስሜታዊ ብልህነት" የሚባል ሥልጠና አስገባን። የሰውን ስሜት መረዳት ማለት ነው አሉን። ከእኔ ከዋና ሥራ አስኪያጇ ጀምሮ ሁላችንም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይዘን ተኮለኮልን። "ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ያስተዳደርኩት ሳይገባኝ ነው እንዴ?" እያልኩ በሆዴ ሳቅሁ።

አሠልጣኟ ሁለት ሁለት አድርጋ ፊት ለፊት አስቀመጠችን። አንዱ አምስት ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ለእኔ የደረሰኝ የስፌት ክፍል ኃላፊው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ ባለቤቱ ክረምት ላይ ነው ያረፈችው።

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ከሆስፒታል የደወሉልኝ ቀን ቢሮዎ መጥቼ ነበር" አለኝ። "'ባለቤቴ ሕመሙ ጠንቶባታል፣ ልሂድ' አልኩዎት። ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይሉ 'ስብሰባው ይለቅና' አሉኝ። ተቀመጥኩ። ስብሰባው አለቀ። ስደርስ ፊቷን ሸፍነዋታል።"

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

አሠልጣኟ "እስቲ የሰሙትን በራስዎ ቃል ይንገሩት" አለችኝ። ከአፌ የወጣው ምን መሰለህ? "የፈቃድ አሰጣጣችን ክፍተት አለበት፤ ይስተካከላል።"

እሱ ፈገግ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ የሥራ መልቀቂያ አስገባ። የዚያን ሳምንት ዓርብ ጠዋት ቤቱ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ የሴት ልጁን ፀጉር ሲያበጥር ነው መሰል ማበጠሪያ ይዟል። የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። ግን "ተመለስ፣ ምክትሌ አደርግሃለሁ" አልኩት።

"እግዜር ይስጥልኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ይረፍድባታል" አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ስል በሐሳቤ የመጣኸው አንተ ነህ። አምና ቢሮ ሳለሁ ደውለህ "እማዬ፣ ትንሽ ጊዜ አለሽ?" አልከኝ። "አሳጥረው" አልኩህ። "በቃ ተዪው፣ ምንም አይደል" ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ሥራ በዝቶበት ነው" እያልኩ እዋሻለሁ።

ምን ልትነግረኝ ነበር ልጄ?

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። የሚሰማህ ሰው አያሳጣህ፤ እኔ ባልሆንም።

እዚህ ታች እጄ ለምዶበት "ከሰላምታ ጋር" ብሎ ጽፎ ነበር። የተሰረዘው እሱ ነው።

እናትህ