የሠላሳ አራት ቁጥር በር

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

ከጉልበትሽ ጀምሬ ልጠይቅሽ፤ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይ? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በቀረው ግን ደህና አይደለሁም፤ አንቺን ዋሽቼ ደህና ልሆን አልችልም። ይህን የሚያነብልሽ ወንድሜ ለሁሉም ጥብቅና እየቆመ ነው «ጠበቃው» ያልነው፤ እንደ ልማዱ ክፉ ክፉውን እየዘለለ እንዳያነብ አደራ በይልኝ።

ማክሰኞ ዕለት የመንግሥት መርማሪዎች የምሠራበትን የኮንዶሚኒየም ሽያጭ ቢሮ አሸጉት። ባለቤቱ ስልኩን ዘግቶ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል። ስድስት ፎቅ ተብሎ የተሸጠው ሕንፃ ሁለተኛው ላይ ቆሟል። ያለቀው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለገዢ ማሳያ የተሠራው። ያንቺ ሠላሳ አራት ቁጥር የለም፣ እማዬ።

ታዲያ ያየሁት ቤት የማን ነው ትዪኝ ይሆናል። የሁሉም ነው። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ገዢ ከመምጣቱ በፊት የቤቱን ቁጥር ከካርቶን አውጥቼ በዚያችው በር ላይ በብሎን አስራለሁ፣ ሲሄድ እፈታለሁ። አለቃዬ ሲያልቁ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ውሸት አይባልም ይለን ነበር። እኔም አመንኩት፤ ማመኑ ይመቸኝ ነበርና። አንቺ ቤቱን በስልክ ቪዲዮ ያየሽ ቀን ግን የሲሚንቶ ማቡኪያው ከግቢ ከወጣ ወር አልፎት ነበር። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። በሩን ከፍቼ እንድዘጋልሽ ጠየቅሽኝ፤ ድምፁን ሰምተሽ ጠንካራ ነው አልሽ። ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች ብትዪኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ በመኝታ ቤትሽ መስኮት አልኩሽ። በነጋታው ለቤቱ ክፍያ ብለሽ የጓሮውን ቦታ ሸጥሽ። ያ የላክሁልሽ ብርድ ልብስ ካንቺው ቤት በደረሰኝ ኮሚሽን የተገዛ ነው።

መርማሪዋ ብዙ አትናገርም። በሩን አየችና የብሎኑ ቀዳዳ ስለምን እንዲህ ሰፋ ብላ ጠየቀች። ሌሎቹ የሽያጭ ሠራተኞች ወለሉን ሲያዩ እኔ ነኝ ያሰፋሁት አልኩ። ካርቶኑን ሰጠኋት፤ ቃሌንም ፈረምኩ። ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም፣ እፈራለሁ።

ከዚህ ጋር የአቤቱታ ቅጽ ልኬልሻለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ከተጎጂዎች መዝገብ ትቀሪያለሽ፤ ከጠፋው ባለቤት ንብረት የሚገኝ ቢኖር አይደርስሽም። አውቅሻለሁ፣ ልጄን ከምከስ ቤቱ ይቅርብኝ ትያለሽ። እባክሽ እንዳትዪ። ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ስሰብር ድመቷ ናት እያልሽ ከአባዬ ታስጥዪኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። አሁን ድመት የለችም።

እህቴን ከነሕፃኗ ሳሚልኝ። አክስቴን ይቅር በዪኝ በይልኝ፤ ለመስኮትሽ የጀመረችውን መጋረጃ ትተወው። ጠበቃው ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። የቅጹ ሦስተኛ መስመር ቤቱን ያሳየዎት ሰው ማን ነው ይላል። እሱን ብቻ እንዳትዘልለው። የኔን ስም ከነአባታችን ስም ጻፍና እማዬን አስፈርማት።

በሩን የዘጋሁልሽ ልጅሽ

ከታሸገው ቢሮ ፊት ለፊት፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው
ጥቅምት 9 ቀን