በአንድ ሌሊት የበቀለው ጽድ

ለበኩር ልጄ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እናትህና እኔ፣ ከጉልበቴ በቀር፣ ተመስገን ደህና ነን።

ሰኞ ዕለት አካፋዬን ይዤ የጫካውን መንገድ ናዳ ልጠርግ ወጣሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? አስፋልቱ መሃል ከእኔ የሚረዝም ጽድ ቆሟል! ማነው በአንድ ሌሊት ጽድ የሚያበቅል? ደሜ ፈልቶ ስመለስ እናትህ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በተራራው ሥር የመኪና መተላለፊያው ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ እኮ ያ መንገድ ተዘግቷል። አንተም ጡረታ ወጥተሃል» አለችኝ። ሳቅሁባት። እሷ ግን አልሳቀችም።

ያንን ተራራ በድማሚት ስንፈለፍለው አቧራው እስካሁን ጥርሴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዋሻው ሲመረቅ ግን አላስታውስም፤ እናትህ ነበርክ ትለኛለች፤ ፎቶም አሳየችኝ። ኮፍያው የእኔ ነው። ግራ ገባኝ።

አሁን የግቢውን ቁልፍ እሷ ትይዛለች፤ ሌባ በዝቷል አለች።

የጭነት መኪናህን ይዘህ ስትመጣ በፈለግኸው መንገድ ና። ብቻ በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማድህ ክላክስ አድርግ፤ ድምፁን አልስተውም። እናትህ «ማን እንደመጣ አወቅኸው?» ሳትለኝ፣ ቀድሜ «ልጄ ነው» ልበላት።

መንገዱን ሁሉ ጨርቅ ያድርግልህ።

አባትህ