የፊት ወንበር

ስኮርቪክ፣ ኖርዌይ

ለእህቴ ለሱኒቫ፤ ከነልጆችሽ እንደምን ከረማችሁ? ዝናባችን እንደ ድሮው ነው፤ እኔ ደህና ነኝ።

የወደቡን መሬት በስውር ሊሸጡት ሲሉ ጋዜጣ ላይ አወጣሁት፤ ሽያጩም ቀረ። ዓሣ አጥማጆቹ መንገድ ላይ ያመሰግኑኛል፤ መጀመሪያ ስማቸውን ይነግሩኛል፣ ጨዋዎች ናቸው።

በምክር ቤቱ ስብሰባ ድሮ በሩ አጠገብ ነበር የምቀመጠው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚንሾካሾክ ለማየት። አሁን ፊት ወንበር ላይ ነኝ። ከንቲባዋ፣ «ምነው ተጠጋህ ቶርቢዮርን፣ ወንበሬን ፈለግከው እንዴ?» አለችኝ።

«ድምፅሽ ናፍቆኝ ነው» አልኳት፤ አዳራሹ ሳቀ።

የሰው ስም አሳስቼ አሳትሜ አላውቅም። ዛሬም እንዳልሳሳት ባልደረባዬ ሲግሩን ጽሑፌን ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ በጆሮዬ አርማለሁ።

መልስሽን ልጅ ሳለሽ እንደምትጽፊው በትልልቁ ጻፊልኝ። ያ ጽሕፈትሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ደህና ሁኚልኝ፤

ወንድምሽ ቶርቢዮርን