የዘጠነኛው ጉድጓድ ሣር

ለተከበርሽው እኅቴ ለላቪኒያ፤

ሰላምታዬ ዲትሮይት ድረስ ዘልቆ ከነቤተሰብሽ በደኅና ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የሮስኮ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ሙቀቱ ራሴን አዙሮ ስለጣለኝ ሐኪሙ ከቤት እንዳልወጣ ከልክሎኝ ነበር።

እንደምታውቂው፣ ነጮቹ የጎልፍ ሜዳቸውን ለእኛ ለጥቁሮች በዘጉብን ዘመን አባታችን በገዛ ሜዳችን ከዘራው የቀዝቃዛ አገር ሣር የቀረው ኳስ የሚገባበት የዘጠነኛው ጉድጓድ ዙሪያ መደብ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሙቀት በሚችል ሣር ተተክተዋል። ሜዳውን የሚያስተዳድሩት የማኅበሩ ሹማምንትም «ይህን በጋ ካላለፈ ይገለበጣል» ብለው ቆርጠዋል።

ዘንድሮ ሌሊቱ እንኳ አልበረደም። አፈሩን በቢላ ቆርጬ ባየው ሥሩ ከጣቴ አንድ አንጓ አይበልጥም። ስለዚህ ሣሩ ረዘም ብሎ እንዲቀር የማጨጃውን ምላጭ ከፍ አደረግሁ፤ ቀትር ላይም ቅጠሉ እስኪቀዘቅዝ ብቻ ውኃ እንደ ጤዛ አርከፈክፍለት ነበር። ማታ ግን ጠብታ አላስነካውም፤ በሙቀት ረጥቦ ያደረ ሣር ይበሰብሳልና። ፀጉር አስተካካዩ ኦቲስ «ጋሼ ሉሺየስ፣ ኳሴን እኮ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት! ላም ሊያሰማሩበት ነው እንዴ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። «ይህ እንደ ደንበኞችህ ራስ አይላጭም፤ ዝም ብለህ ምታ» አልሁት።

እኔ በተኛሁበት ሳምንት፣ እሮብ ምሽት፣ የቤተ ክርስቲያናችን እኅት ኦፊሊያና የመዘምራኑ ሴቶች ከጸሎት ወጥተው የውኃውን ጎማ ዘረጉና መደቡን እስኪጠግብ አጠጡት። በማግሥቱ ማለዳ ኦፊሊያ ሾርባ ይዛልኝ መጥታ «አንተ ዝም ብለህ ተኛ! ያን የተጠማ ሣርህን እንደ ሕፃን አጥበን፣ አጠጥተን አስተኝተነዋል። ላቪኒያ ደውላ ‹ወንድሜ ብቻውን ይለፋል፤ አግዙልኝ› ብትለን እምቢ እንላለን?» አለችኝ። ሾርባውን እፊቷ ጠጣሁላት።

እንደ ሄደች የሐኪሙን ትእዛዝ ጥሼ ወጣሁ። መደቡ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ሻጋታ ተጋድሟል፤ ብዳስሰው ሣሩ እንደ ቀለጠ ቅቤ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። መድኃኒት ረጨሁ፣ ማራገቢያ አስመጣሁ፤ አንዱም አልጠቀመ። እሑድ ሁሉም ቡናማ ሆነ። ዛሬ ጠዋት በማረሻ ገለበጡት፤ እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ ከመቆም በቀር ያደረግሁት የለም።

እኅቴ ሆይ፣ ይህን የጻፍሁት ልወቅስሽ አይደለም። በስልክ «ሣሩ አገገመልህ ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂኝ ስልኩን ዘጋሁብሽ፤ ለአንቺ ደግሞ ሐሰት ተናግሬ አላውቅም። ከፍቅር የተደረገ ነገር ነውና ለማንም ልቆጣ አልቻልሁም፤ መቆጣት ብችል ይሻለኝ ነበር።

ሮስኮን ራሱን እንዲጠብቅ ንገሪልኝ። ልጅሽን ዊኒን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ኤስቴልም አክብሮቴን አድርሺ። ኦፊሊያ ስለ ሣሩ ደውላ ከጠየቀችሽ፣ ሙቀቱ ገደለው በያት። እኔም እንደዚያው ብያታለሁ።

ወንድምሽ ሉሺየስ
ሲዳር ፎርክ፣ ሳውዝ ካሮላይና
ኦገስት ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፭